ማን ሞቶባቸው ነው የተላጩት?

ሰው ሁሉ ፊልም ያያል። እኛ ግን ፊልም አናይም፤ ችሎት ነው የምንቀመጠው። ፈረንጅ ፊልም ሲያይ ፈንዲሻውን ታቅፎ ዝም ይላል፤ ሲያልቅም «ናይስ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ዝም ብለን ያየነው ፊልም ካለ ወይ መብራት ጠፍቶብናል፣ ወይ ተኳርፈናል። ገና ርእሱ ተጽፎ ሳያልቅ ተዋናዩን እንመክራለን፣ እናቱን እንወቅሳለን፣ ልጅቷን «ተይው፣ ይሄ አይሆንሽም» እንላለን። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደግሞ ፍርዱ እስኪሰጥ ከፊልሙ የረዘመ ጊዜ እንከራከራለን። ይህን ጠባያችንን የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። እኔ አላማርርም፤ ያለ እሱ ዛሬ አማች አይኖረኝም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በሰው አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከሱቋ ሌላ ያለኝ ሀብት ሜላት ናት፤ አንዲት ልጄ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ዌስትውድ ካለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እዚያው አካባቢ ትሠራለች። ጎበዝ ናት፣ አስተዋይ ናት፣ አባቷን ትወዳለች። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ወንድ የምትመርጠው ራሷ ናት።

ባለፈው ጊዜ አንዱን ይዛ መጣች። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ፊቱን አይቼው ቢሆን ኖሮ እነግራችሁ ነበር። ፀጉሩ ግን ከትከሻው አልፎ፣ ከጀርባው ወርዶ፣ ወንበሩ ላይ አብሮት ተቀምጧል። እኔም በትሕትና፣ እንዲያውም ሲበዛ በትሕትና፣ «ልጄ፣ ይህን ቆርጦ ይምጣና እንነጋገራለን» አልኳት። ምን አጠፋሁ? እስከ ዛሬ ድረስ አልገባኝም። እሱ አልተመለሰም፤ እሷም ስልኬን ማንሳት ተወች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቄ ጎራ ትል የነበረችው ልጅ ቀረች። ልደቴ ሲደርስ በስልክ አጭር መልእክት ላከችልኝ። ሰው አባት ሆኖ ከአንድ ጭንቅላት ፀጉር ጋር ተወዳድሮ ሲሸነፍ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ።

እንዲህ ተኳርፈን ሳለ አንድ ቀን ደወለች። አንድ ሰው ይዛ እንደምትመጣ፣ ስሙ ኮሊን እንደሚባል፣ እንግሊዛዊ እንደሆነ ነገረችኝ። «ሲሪየስ ነው ነገሩ፣ አባዬ። ሶ፣ እባክህ፣ እንደ ባለፈው እንዳታደርግ። እንደዛ ካደረግክ ሁለተኛ ማንንም አላመጣም፤ እኔም አልመጣም። ኦኬ?» አለች። ኦኬ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ ትኩስ ሽሮ ዋጥኩት።

የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እኛ ሴት ልጃችንን ከመስጠታችን በፊት እናጣራለን። አባቱ ማን ናቸው፣ እናቱ ከወዴት ናቸው፣ አጎቱ ይጠጣል ወይ፣ ከቤተሰቡ ያበደ አለ ወይ። ኖርዝ ሆሊውድ ላለ አንድ ዘመድ ትደውላለህ፤ እሱ አዲስ አበባ ይደውላል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የልጁ ቅድመ አያት በቅሎ ቀለም ሳይቀር ይደርስሃል። እንግሊዛዊን ግን በማን ታጣራዋለህ? ቤተ መንግሥታቸው አይደወል ነገር።

ስለዚህ ሸንጎዬን ሰበሰብኩ። ሸንጎው ሦስት ሰው ነው። አንደኛው ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ድሮ ለትምህርት ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ተምረው፣ አስተምረው፣ ጡረታ የወጡ። የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም እስካሁን አልነገሩንም። ሁለተኛዋ እትዬ አሰገደች ናቸው፤ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ በዚህ መንገድ ላይ ሰው ታመመ ሲባል ቀድመው የሚጠይቁ፣ ሞተ ሲባል ቀድመው የሚደርሱ። እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ ለቅሶ ተብሎ አይቆጠርም። ሦስተኛው ብርሃኑ ነው፤ እኩያዬ፣ ታክሲ አብሮኝ የነዳ፣ ቫን ናይስ የሚኖር፣ የትም ቦታ በሰዓቱ ደርሶ የማያውቅ። እሱ የፍሪዌዩን የመኪና መጨናነቅ ነው የሚያማው። ለእኔ ግን ፍሪዌይ ገና ባልተሠራበት ዘመንም ቢወለድ የሚያረፍድ ሰው ነው።

ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ጋሼ ታደሰ ልጁ ከየትኛው የእንግሊዝ አገር ክፍል እንደሆነ ጠየቁኝ። በሰሜን በኩል፣ ፋብሪካው ከተዘጋበት ከአንድ ትንሽ ከተማ ነው አልኳቸው፤ ሜላት የነገረችኝ ይህንኑ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ ስለዚያ አገር ወጣት የተሠራ አንድ የእንግሊዝ ድራማ እንዳለ፣ እሱን በጥሞና ካየን የልጁን አስተዳደግ ልቅም አድርገን እንደምናውቅ አስታወቁ። ብልሃቱ ሁላችንንም ገረመን። ስንቱ በስልክ ያጣራውን እኛ በቴሌቪዥን ልናጣራ ነው። ሁልጊዜ በምንገናኝበት ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ኳስ በሚታይበት ትልቁ ስክሪን ፊት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተሰየምን። ብርሃኑ ፊልሙ ሲጋመስ ደረሰ።

ምን አየን? ልጆች አየን። ሁሉም ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ሱሪያቸውን በትከሻ ማንጠልጠያ ወጥረው ቅልጥማቸው ድረስ የሚታሰር የቆዳ ጫማ ተጫምተዋል። ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ግድግዳው ግራጫ ነው፣ የሚጠጡት ሻይ ራሱ ግራጫ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፤ ያን ጊዜ ደስ ይላሉ። ቀጥሎ አንድ ጉልቤ መጥቶ ሥራችሁን የቀሟችሁ መጤዎች ናቸው ብሎ ይሰብካቸዋል። ከዚያ በኋላ የአንዱን ምስኪን መጤ ሱቅ ገብተው መደርደሪያውን ይገለብጡበታል። እኔም ባለሱቅ ነኝና እዚህ ላይ ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩ። የሚደፋው ሁሉ የእኔ በርበሬ መስሎ ታየኝ።

ጋሼ ታደሰ ፊልሙን እያቆሙ ማብራሪያ ሰጡ። ፋብሪካው ሲዘጋ ላብ አደሩ ተበተነ፤ ላብ አደሩ ሲበተን ወጣቱ የመደብ ጠላቱን ትቶ በጎረቤቱ ላይ ተነሣ። ይህን ጉዳይ እሳቸው በተማሪነታቸው ዘመን በአንድ ስብሰባ ላይ አንሥተውት ነበር፤ ያን ጊዜ የሚሰማቸው ቢያገኙ ኖሮ እንግሊዝ እዚህ አትደርስም ነበር። ብርሃኑ ደግሞ ልጆቹ የሚናገሩት እንግሊዝኛ አይደለም ብሎ ተነሣ። ታክሲ ሲነዳ የዓለምን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰምቷል፣ ይሄ አንዱንም አይመስልም። አንዲት ቃል አልገባችውም። ይሁንና ከሁላችንም የጠነከረውን አስተያየት የሰጠው እሱ ነው። ተዋናዮቹ አይረቡም፣ ታሪኩም አይረባም፣ ከተማው ግን እጅግ ጥሩ ነው፤ ሰው ደጁ ላይ ፓርክ አድርጎ ይገባል፣ የቅጣት ቲኬት የሚባል ነገር የለም አለ። ካልገባህ እንዴት ትፈርዳለህ ብንለው፣ ቢገባኝማ ማዘን ልጀምር ነው፣ ያዘነ ሰው ደግሞ ለመፍረድ አይመችም ብሎ መለሰልን።

እትዬ አሰገደች ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት። «ማን ሞቶባቸው ነው የተላጩት?» ይላሉ። ማንም አልሞተባቸውም፣ ፋሽን ነው አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ልጅ ቢላጭ እሺ ፋሽን ይባል፣ የመንደሩ ልጅ በሙሉ ተላጭቶ፣ ፊቱም እንዲህ ጠቁሮ፣ ይሄ እንዴት ፋሽን ይሆናል ብለው ተከራከሩን። የልጆቹ ነገር ለእሳቸው ግልጽ ነው። ትልቅ ሰው ሞቶባቸዋል፣ ለቅሶ የደረሳቸውም የለም። ንፍሮ የቀቀለላቸው፣ አብሯቸው ያመሸ፣ «እህል ቅመሱ» ብሎ የለመናቸው ሰው ስላልነበረ ነው ያበዱት። ጋሼ ታደሰ ለጀማሪ ተማሪ እንደሚናገር መምህር ቀስ ብለው፣ ይህ የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው አሏቸው። እትዬም ኢኮኖሚ ራስ አያስላጭም አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ያ ጉልቤ ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን ሲያለቅስ፣ እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግዜር ከተላጨ እንግሊዛዊ ይጠብቀኝ።

እሁድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ምግብ ቤት ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ብርሃኑ እንደተለመደው መንገድ ላይ ነው። በሩ ተከፈተና ሜላት ገባች፤ ከኋላዋ አንድ ረጅም፣ ፊቱ የቀላ፣ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ተከተላት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ፊት ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ። ምነው ባላወለቀው ኖሮ። ራሱ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል፤ ከጆሮው በላይ ምላጭ የጫረው ቦታ ገና አልደረቀም። ዓይኔን ወደ ታች ሳወርደው ደግሞ ጫማው አለ፤ ቅልጥሙ ድረስ የታሰረ የቆዳ ጫማ። ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ ለፊልም ቀረጻ መብራት የሚሸከም ሠራተኛ መሆኑን፣ ያን ቀንም ከሥራ በቀጥታ መምጣቱን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ ከረቡዕ ስክሪን ወርዶ ልጄን እጇን ይዞ የቆመ ሰው ነው።

አፌ ሊከፈት ነበር። ሜላት ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ትንሽ ሆና የትምህርት ቤት ውጤቷን ሰጥታኝ እስካነብ ድረስ የምታየኝ አስተያየት ነው። አንድ ቃል ከተናገርኩ ልጄን አጣሁ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ለጉልቤ ዳርኳት። ምክር ፍለጋ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞርኩ፤ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። ጋሼ መነጽር መጥረግ ከጀመሩ ተስፋ የለም።

ያን ጊዜ እትዬ አሰገደች ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁት፤ የሐዘን አለባበስ ማለት ነው። ወደ ልጁ ሄደው፣ ጎንበስ አድርገው፣ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳሙት። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» አሉትና አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን ያዙ። ልጁም ግራ ገብቶት ሜላትን ያያል።

እዚህ ላይ የወገኔን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ለቅሶ ከጀመረ የቀረነው «ማን ሞተ?» ብለን አንጠይቅም፤ መጀመሪያ እንደርሳለን፣ ጥያቄው ቆይቶ ይመጣል። ጋሼ ታደሰ ተነሥተው የልጁን እጅ ጨበጡና «ያጽናህ» አሉ። ኋላ ስጠይቃቸው፣ በሐሳቡ ባልስማማም እትዬ ነጠላ አዘቅዝቀው እኔ እንዴት ቁጭ እላለሁ አሉኝ። ወዲያ ማዶ ክትፎ ይበሉ የነበሩ ሰዎች እጃቸውን ታጥበው መጡ። ከቅዳሴ የወጡ ሴቶች በነጭ ልብሳቸው ተሰለፉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሙዚቃውን አጠፋችና ያላዘዝነውን ምግብ ማመላለስ ጀመረች። ኮሊን ቀይ ፊቱ ይበልጥ ቀልቶ፣ ለመጣው ሁሉ ብድግ እያለ «ታንክ ዩ» ይላል። ሜላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ ምን ብለሃቸው ነው?» አለችኝ። ምንም አላልኩም አልኳት፤ እውነቴን ነበር፣ እሷ ግን አላመነችኝም።

ሰልፉ ጋብ ሲል እትዬ ለሜላት፣ የሞተበት አባቱ ነው ወይስ እናቱ፣ እስቲ ጠይቂልኝ አሏት። «ኖ፣ እትዬ፣ የተላጨው ሰው ሞቶበት አይደለም። አንቺ ደግሞ» አለቻቸው። የዚህ አገር ልጆች አንቱ ማለት አይሆንላቸውም፤ እትዬም ለምደውታል። «ረጅም ፀጉር ነበረው። የአባዬን ነገር ነገርኩት። ሶ፣ ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ሼቭ አደረገው። ሪስክ አልወስድም አለኝ» ብላ ጨረሰችው። ምግብ ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለቅሶ የደረሰው ለፀጉር ነው፤ ገዳዩም ከፊታቸው ተቀምጦ ጥብስ እየበላ ነው።

ኮሊን ምን እንደተባለ ጠየቃት። እሷም በአገራችን ሰው የሚላጨው ሲሞትበት እንደሆነ፣ እነዚህ ሰዎችም ሊያጽናኑት እንደመጡ አስረዳችው። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። የተላጨ ራሱን በመዳፉ ዳበሰና ቀስ ብሎ ይናገር ጀመር። አባቱ የሞተው አምና ነው። ቀብሮት እንደተመለሰ ወዲያው ሥራ ገባ። የሥራ ጓደኞቹ «ሶሪ» ብለውታል፤ አንዷም ካርድ ሰጥታዋለች። ቁጭ ብሎ እጁን የያዘው ሰው ግን አልነበረም። እኚህ እናት እጄን ሲይዙኝ የአባቴን ነገር ማን ነገራቸው ብዬ ተገርሜ ነበር አለ። ሜላት ይህን እየተረጎመች መጨረስ አቃታት። ለእሷም አባቱ መሞቱን እንጂ ይህን ነግሯት አያውቅም ነበር።

እትዬ አሰገደች «አላልኳችሁም?» አላሉንም። ዞር ብለውም አላዩንም፤ የልጁን እጅ ብቻ ጠበቅ አድርገው ያዙ። ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ይህን ጊዜ ግን የጠረጉት ዓይናቸውን ነው። እኔም የሜላት እናት ያረፈች ጊዜ ትዝ አለኝ። ይሄው የፌርፋክስ ሰው ቤቴን ሞልቶ፣ አልበላም ስል እየተቆጣ አጉርሶኝ፣ ዝም ስል አብሮኝ ዝም ብሎ ነበር። ይህ ልጅ ያን አላገኘም። አዘንኩለት። ጫማውንም፣ ጉልቤውንም፣ በርበሬዬንም ረሳሁ።

ሁላችንም እንዲህ ሆዳችን ባብቶ ሳለ በሩ ተበርግዶ ብርሃኑ ገባ። ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ያለቅሳል። ለካ የምግብ ቤቱ ባለቤት ደውላ፣ እነ ሜላት ለቅሶ ላይ ናቸውና ቶሎ ድረስ ብላዋለች። እሱም ፍሪዌይ ላይ ሆኖ ነገሩን አሰላው፤ እናትየው ቀደም ብላ አርፋለች፣ ስለዚህ ሟቹ እኔ ነኝ። ከቫን ናይስ እስከ ፌርፋክስ እያለቀሰ ድራይቭ አድርጎ መጣ፤ እንዲህ ፈጥኖ ደርሶም አያውቅም። እንባውን ጠርጎ ሲያይ እኔ ጥብስ ፊት ተቀምጫለሁ። «ሶ፣ አልሞትክም?» አለኝ። ድምፁ ላይ ቅሬታ አለ። መኪናውን መቆም በተከለከለበት በቀዩ መስመር ላይ ፓርክ አድርጎ እንደገባ፣ ቲኬት እንደሚጠብቀው ነገረኝ፤ በሕይወት መኖሬን ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ኮሊንን አየና፣ ያ የረቡዕ ፊልም ተዋናይ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀን።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሜላት እሁድ እሁድ ሱቄ ትመጣለች። ኮሊንም አብሯት ይመጣል፤ የሽሮ ካርቶን ያነሣልኛል፣ ከፍ ያለውን መደርደሪያ ያለ መሰላል ይደርስልኛል። ራሱንም በየጠዋቱ ይላጫል። ለእኔ ካለው አክብሮት የተነሣ ነው ብላኛለች ሜላት።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ ታደሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እትዬ አሰገደች በሐበሻ ቀሚስ፣ ብርሃኑ ከረባት አስሮ ቆመዋል። ብርሃኑ በጠዋት፣ ያውም ከረባት አስሮ። ግቡ፣ ተቀመጡ አልኳቸው። ገቡ፤ አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር፣ መልስም ሳይሰጠው አይቀመጥም፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አባት የሞተበት፣ በሰው አገር ብቻውን ያለ «ልጃችን ኮሊን» ልጅህን ለትዳር ይጠይቅሃል አሉ። ልጃችን አሉ። ልጁን እንዲያጣሩልኝ የሰበሰብኩት ሸንጎ ከነሙሉ አባላቱ ወደ ማዶ ተሻግሯል። የእኔ ወገን አልነበራችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እትዬ፣ አንተ ሰው ሞልቶሃል፣ እሱ ከእኛ ሌላ ማን አለው አሉኝ።

ይህ አልበቃቸውም። በልጃችን በኩል መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ ብለው ጋሼ ጥያቄ ጀመሩ። አባቴ ማን ነበሩ፣ እናቴስ ከወዴት ናቸው፣ አጎቴ ይጠጣሉ ወይ፣ ከቤተሰቡስ ያበደ አለ ወይ። የአጎቴን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቀው ብርሃኑ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የምችለውን መለስኩ፤ አጎቴን በአጭሩ አለፍኳቸው።

ጥያቄው አልቆ ተራው የእኔ ሆነ። ልቤ ከፈቀደ ቆይቷል። ግን አባት የተባለ ሰው እንዲያው በባዶ እሺ ይላል? የሠርጉ ፎቶ አዲስ አበባ መድረሱ አይቀርም። እዚያ ያለችው እህቴ ከሜላት አጠገብ የቆመውን የተላጨ ሙሽራ ስታይ ማን ሞተ ብላ እንኳ ሳትጠይቅ እዬዬ ትላለች። ወሬው ከዚያ ኖርዝ ሆሊውድ፣ ከኖርዝ ሆሊውድ ቫን ናይስ ይደርሳል፤ ብርሃኑም ያንኑ መንገድ እያለቀሰ ድራይቭ አድርጎ ይመጣል። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ በትሕትና፣ ሲበዛ በትሕትና፣ ሰጥቻለሁ አልኩ፤ ፀጉሩን ግን አሳድጎ ይምጣ።